ወደ ላይ የሚወጣ ውሃ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራ ሰው በዎርክሾፑ ውስጥ አልነበረም። ሁላችንም «መልሱ» ነበር የምንለው።

ሥራችን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ መሥራት ነው። እኔ ስታኞ እያቀለጥኩ ጥቃቅኖቹን ዕቃዎች ቦርዱ ላይ እበይዳለሁ። እሱ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ የሁላችንንም ሥራ ይፈትሻል። የጣመውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ያልጣመውን በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርግና «መልሱት» ይላል። በቃ። «ደህና ዋሉ» እንኳ የሚለው ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ነው።

የእኔ ሥራ ብዙም አይመለስም ነበር። ይህን ስል አላፍርም፤ እጄ የታወቀ ነው። ቅር የሚለኝ፣ ለዓመታት የበየድኩት ሁሉ ሌላ ሰው የነደፈው መሆኑ ብቻ ነበር።

አዲሱ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጇ ሰበሰበችን።

«ግድግዳው ባዶ ነው» አለች። «ከሱቅ የተገዛ ሥዕል አልሰቅልም። የምንሠራውን የሚናገር ነገር እፈልጋለሁ። ሐሳብ ያለው አለ?»

ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ እሠራለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴው ድምፅ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውሃ። ከድንጋይ መሃል ፈልቆ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ጫፍ ሲደርስ የሚበተን። በመብራት።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ዞር ስል ግን ዓይኔ ያረፈው መልሱ ላይ ነው። እሱ አልሳቀም። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ውሃው ከአሁኑ የታየው ይመስል ባዶውን ግድግዳ ያያል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን በመርፌ ነው ያሳደገችኝ። የስፌት ጠረጴዛዋን ግማሽ ለቀቀችልኝ። በመዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ላይ መስመሮቹን በቀለም ሣልኩ። አሲድ ውስጥ ሲነከር ቀለም ያልነካው መዳብ ሁሉ ተበልቶ ያልቃል፤ የቀረው የኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል። ሌሎች ይህን መንገድ ቀጥ አድርገው ነው የሚነድፉት። እኔ ግን እንደ ጅረት አጣመምኩት፤ መብራቱ ባይበራ እንኳ መዳቡ ራሱ ውሃ እንዲመስል።

«ይሄ ጥልፍ ነው እንጂ ምኑ ኤሌክትሪክ ነው!» አለች እናቴ።

ታች ለድንጋዩ ቀይ መብራት፣ ለውሃው ሰማያዊ፣ ጫፍ ላይ ለሚበተነው ነጭ። ባትሪውን ሳገናኘው ሰማያዊው ብልጭ፣ ብልጭ እያለ ሽቅብ ወጣ። እናቴ መቀሷን አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ዎርክሾፕ ስወስደው ተጨበጨበልኝ። ነገር ግን መልሱ ሳያየው የሚወጣ ሥራ የለም። አብርቶ ፊቱ አስቀመጠውና ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ሰጠኝ።

«መልሺው።»

«ምን ሆነ?»

«ባትሪው ሲደክም ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊውና ነጩ ነው። ቀዩ ይቆያል። ትናንት ወደ ማታ ውሃው ደርቆ ድንጋዩ ብቻ ቀረ።»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ አበገነኝ።

«ለጌጥ የተሠራ እኮ ነው! እንግዳ አየት አድርጎ ያልፋል። ማን ነው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያየው?»

«እኔ» አለ።

እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ።

ሥራ አስኪያጇ ነገሩን ሰምታ፣ «የክፍሉ ምረቃ የዛሬ ሳምንት ነው፤ ካልደረሰልሽ ትልቅ ሰዓት ገዝተን እንሰቅላለን» አለችኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ነደደች።

«ይሄ እንከን ለቃሚ! የሰው ሥራ ማንኳሰስ ምን ይከብዳል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስሙ «እንከን ለቃሚው» ሆነ። «እኔ» ያለኝን ግን ለእናቴ አልነገርኳትም። ያቺን ቃል ለራሴ አስቀረኋት።

ንዴት ጥሩ ሠራተኛ ነው። ባትሪውን ትቼ ኃይሉ ከግድግዳው ሶኬት እንዲመጣ አደረግኩ፤ ለየቀለሙም በልኩ የሚመጥን መንገድ ከፍቼ፣ መስመሩን በሙሉ እንደ አዲስ ነደፍኩ። መብራቶቹን ልበይድ ስል መልሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። ትናንሽ ከረጢቶች አስቀመጠልኝ።

«ከአንድ ሣጥን ቢወጡም ብርሃናቸው እኩል አይደለም» አለ። «እኩል እኩሉን ለይቼልሻለሁ።»

«መቼ ለየኸው?»

«በምሳ ሰዓት።»

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ሰሞኑን ምሳ ቤት አይቼው አላውቅም ነበር።

ቦርዱ ሲያልቅ መልሱ ጠዋት አበራው። ምሳውን አምጥቶ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ በላ። ሠራተኛው ሊወጣ ልብሱን ሲቀይርም ውሃዬ አልደከመውም፤ ይፈልቃል፣ ይወጣል፣ ይበተናል። መልሱ ማኅተሙን አንስቶ «አልፏል» የሚለውን ከጀርባው መታበት።

«ምንም የምትለው የለም?» አልኩት።

«አለ። ግን ስለ ቦርዱ አይደለም።»

ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። የእኔም መፍቻ ከእጄ አምልጦ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አልተሰማኝም።

በምረቃው ቀን እንግዳ መቀበያው ሞላ። እናቴ ጥሩውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርዱ ሥር ቆማ ንቅንቅ አልል አለች። አንድ ትልቅ እንግዳ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና ሥራ አስኪያጇን ጠየቁ።

«ግሩም ነው! ከየት አገር አስመጣችሁት?»

ሥራ አስኪያጇ አፏን ሳትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

«ከዚህ!» አለች፣ ሆዷን መታ መታ እያደረገች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መልሱም ሳቀ፤ ጥርሱን ያን ቀን አየሁት። እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ያ ጥርሰ መልካም ልጅ ማነው?» አለችኝ።

«እ... እንከን ለቃሚው ነው።»

ፊቷ ክረምት ሆነ።

እኔና እሱ ከሥራ ስንወጣ አብረን መሄድ ጀመርን። የእሱ ሠፈር በወዲያ በኩል መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ለካ እኔን አድርሶ ያን ሁሉ መንገድ ይመለሳል። ለ«ላግባሽ» ጥያቄው መልሴን ወዲያው ሰጠሁት። እናቴ ግን «ልጄን ያስለቀሰ ደጄን አይረግጥም» ብላ ጸናች። ለመንኳት፣ አኮረፍኳት፣ መልሼ ለመንኳት። በመጨረሻ «ይምጣና ልየው» አለች።

መጣ። እናቴ ወንበር ከመስጠቷ በፊት ያለቀ ቀሚስ አንጠልጥላ ፊቱ አቆመች።

«እንዴት ነው?»

ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው አንድ ነው፤ «እጅሽ ይባረክ!» በዓይኔ ለመንኩት። አላየኝም። ቀሚሱን ነው የሚያየው።

«ጨርቁ ያምራል» አለ ቀስ ብሎ። «ስፌቱም የባለሙያ ነው። ግን እማማ፣ የግራ እጅጌው ከቀኙ ትንሽ ያጥራል።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሜትሯ ሲዘረጋ ሰማሁ። ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ።

«ባለቤቷ ነገ ልትወስደው ነበር እኮ! ጎረቤቱ ሁሉ መርቆኝ ሄዷል!» እጅጌውን መተርተር ጀመረች። ድንገት ቀና አለች። «እሺ፣ ስትሳሳት እንደምትነግራት አየሁ። ልክ ስትሆንስ?»

«ልክ ስትሆን ከእሷ በፊት ለሰው ሁሉ ነው የማወራው። እውነት ካልመሰለዎት ሠፈሬን ይጠይቁ። ውሃዋን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰልችቷቸዋል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አፍ አለው እንዴ?» ከዚያም ቀሚሱን ዘረጋችለት። «ና በል፣ ይሄን ጫፍ ያዝልኝ።»

የሠርጌን ቀሚስ የሰፋችው እሷው ናት። በሠርጉ ጠዋት ልብሴን ለብሼ ከጓዳ ስወጣ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። እናቴ እጇን አጣምራ አጠገቡ ቆመች። ፍርዱን እየጠበቀች ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ያየኛል።

«እህስ?» አለች መታገስ ሲያቅታት። «የቱ ጋ ይጎድላል?»

«ቀሚሱን ገና አላየሁትም፣ እማማ» አላት። «ፊቷ አላሳልፍ ብሎኝ።»