ሞተሩ ላይ የነበረው ሣጥን

እኔ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ቡዳ በላው ሲሉኝ እንኳ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰዱት የምል ሴት ነኝ፣ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አይዘልም እንጂ የሌለ ነገር አየሁ ብሎ ማውራት አልወድም፣ ይህን የምነግራችሁም ለማን ልንገረው ብዬ ስለጨነቀኝ ነው።

ልጄ ጌትነት አይሱዙ ይነዳል። ከዘመሮ ገብስ ጭኖ በጉም ውስጥ ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ፣ ከአህያቸው ኋላ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ገጨ፣ አልተረፉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፖሊስ ልጄን ይዞ ደም አስቀዳው፣ ጠጥቶ እንደሆነ እንዲታይ ነው። ላየው ስሄድ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «እማዬ፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ አልቀመስኩም» አለኝ። አመንኩት፣ እናቱ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ጠጥቶ ከሆነ እስሩ ብዙ ዓመት ነው፣ ካልጠጣ ግን ጉሙና ጠመዝማዛው መንገድ ይታሰብለታል አሉኝ። የልጄ ዕድሜ ጣት በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ምርመራው እኛ ጋ የለም፣ ደሙ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ መሄድ አለበት፣ መብራት ደግሞ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፣ ብልቃጡ እስከዚያ የት እንደዋለ እግዜር ይወቀው። በአራተኛው ቀን አንድ ኮንስታብል ብልቃጡን በሰማያዊ የክትባት ሣጥን አድርጎ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጎ፣ ማኅተም አስመትቶ ደብረ ብርሃን ሊያደርስ ተነሳ። ደም ይለወጣል ሲባል ሰምቼ ነበርና በዓይኔ ላድርሰው ብዬ እኔም እሱ የተሳፈረበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኮንስታብሉ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሣጥኑን የት ቢያደርገው ጥሩ ነው? በእሱና በሾፌሩ መሀል፣ ሞተሩ ላይ! እኔ ጠላ ሸጬ ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፣ በመንዝ ብርድ ጥንስስ የሚነሳው ምድጃ ዳር ሲሞቅ ነው፣ ሣጥኑን እዚያ ሳየው ወደፊት ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ ሞተሩ ይፈጃል፣ አንሳው፣ እኔ ልቀፈው» አልኩት።

«እናት፣ እርስዎ እንኳን ሊያቅፉት ሊነኩትም አይችሉም፣ የተከሳሽ እናት ነዎት።»

«እንግዲያ አንተ እቀፈው።»

«መሣሪያዬንስ ማን ያቅፍልኝ?»

«ሙቀት ያገኘ ነገር ይቦካል እኮ!»

ሾፌሩ ሳቀብኝ። «እትዬ ሸዋዬ፣ ደም ነው እኮ፣ ጌሾ መሰለዎት?»

«ብልቃጡ ውስጥ ደሙን የሚያቆይ መድኃኒት አለበት፣ አይቦካም» አለ ኮንስታብሉ።

«ሲጨመር አይተሃል?»

«እኔ አድራሽ ነኝ፣ ምኑን አውቄ!»

ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ጉሙ ወረደ፣ እመኑኝ ቀትር ነበር፣ ግን መስታወቱን ሁሉ በነጭ ነጠላ የሸፈኑት ይመስል ነበር። ከፊታችን አንድ ጭነት መኪና ተንሸራቶ መንገዱን ዘግቷል፣ ከኋላችን መኪና ተደርድሯል፣ በቀኛችን ገደል ነው፣ ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ሾፌሩ ለብርዱ ብሎ ሞተሩን አላጠፋም፣ እኔ ደግሞ የሣጥኑን ጀርባ እያየሁ እንደታሰረ ሰው ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ «ጥስ» የሚል ነገር ሰማሁ፣ ጎማ መሰለኝ። ቆይቶ «ጥስ... ጥስ...»፣ ከዚያ ቡልቅ አለ። ይህን ድምፅ ማንም አይነግረኝም፣ ተኝቼ እንኳ ጥንስሴ መነሳቱን በጆሮዬ የማውቅ ነኝ። ዓይኔን ሣጥኑ ላይ ተከልኩ፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ፕላስተር ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ቀስ ብሎ ይረግባል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው። ልጮህ አልኩ፣ ግን ምን ብዬ ልጩህ?

ከአጠገቤ ጣርማ በር ላይ ወርደው ወደ ሸዋሮቢት የሚሄዱ አንድ ነጋዴ ሐጂ ነበሩ፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አስተግፊሩላህ! እዚህ ውስጥ ጠላ የጫነ ማነው?»

«ማንም የለ ሐጂ፣ ጉሙ ይሆናላ የሸተተዎት» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ቀምሼው ባላውቅም ሽታው አይጠፋኝም። ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል።»

ለእኔም ሸቶኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደሙ በራሱ ቦካ፣ አልኮል ቢገኝበትም የልጄ አይደለም፣ ምስክሬም ሐጂ ናቸው አልኩ። ጭስ ጭስ ይላል ሲሉ ግን እኔም ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ጎረቤቶቼ ሁሉ ጋናቸውን የሚያጥኑት በወይራ ነው፣ እናቴ ያስተማረችኝ በጥንጁት ቁጥቋጦ ነው፣ እኛ ሠፈር በጥንጁት የማጥን እኔ ብቻ ነኝ። የሸተተኝ ጥንጁት ነበር። ደም ቢቦካ ይቦካል እንበል፣ ጥንጁቱን ከየት ያመጣል?

ለሚካኤል ዝክር የጠመቅሁት ጠላ ቤቴ ጓዳ ውስጥ አፉ በጭቃ ተመርጎ ተቀምጧል፣ በዚያ በአደጋው ቀን ጠዋት እኔ ወፍጮ ቤት ሄጄ ጌትነት ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። ይህን እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው ያሰብኩት፣ ከዚያ በፊት አላሰብኩትም፣ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።

ኮንስታብሉ መንገዱን ልይ ብሎ፣ «ሐጂ፣ ሣጥኑን አደራ» ብሏቸው ወረደ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው መስበሃ ይቆጥራሉ፣ ሾፌሩ ስልክ ላይ ነው። እጄ በራሱ ተዘረጋ፣ ፕላስተሩን ብስበው፣ ብልቃጡን ወደ ገደሉ ብወረውረው አለቀ። ጣቴ ክዳኑን ሊነካ ሲል ከውስጥ «ኳ» አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ብልቃጥ በጣት ሲመታ እንደሚለው። እጄን ሰበሰብኩ። ኮንስታብሉ ተመልሶ ሲገባ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ጉሙ ሲገለጥ ሽታው ጠፋ፣ ድምፁም ጠፋ። ደብረ ብርሃን ሲረከቡት ሣጥኑን አገላብጠው አዩትና፣ «ማኅተሙ ደህና ነው» ብለው ፈረሙ።

ውጤቱ መጣ፣ አልኮል አለበት ይላል። ጌትነት በዋስ ወጥቶ ከእኔ ጋር ነው፣ ጠበቃው ግን ተስፋ አልቆረጠም፣ መብራት መጥፋቱን፣ ሣጥኑ ሞተር ላይ መዋሉን፣ የሰማሽውን ድምፅ ተናገሪ፣ ደም በሙቀት ራሱ አልኮል ሊያወጣ ይችላል፣ ውጤቱን እናስጥለዋለን ይለኛል። የምናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ መስቀል ይዤ እምላለሁ። ችሎት ላይ ሽታው ምን ይመስል ነበር ብለው ከጠየቁኝ ግን የምመልሰውን አላውቅም፣ የሟች ልጆችም እዚያው ተቀምጠው ያዩኛል።

የሚካኤልን ዝክር በዳቦ ብቻ አሳለፍኩት፣ ጋኑን አልከፈትኩትም። ምርጊቱ ተነክቶ እንደሆነ በኩራዝ ባየው አውቃለሁ፣ ኩራዙን ግን አላነሳም። ይህን ያህል ጊዜ የቆየ ጠላ ድምፅ አይኖረውም፣ ጠማቂ ሁሉ ያውቀዋል። ቀን ዝም ይላል፣ ጌትነት ገብቶ በጓዳው በር ሲያልፍ ግን «ጥስ... ጥስ...» ይጀምራል። እሱም ይሰማዋል፣ ቆም ይልና ጋኑን ሳይሆን እኔን ያየኛል፣ ከዚያ አልፎ ይቀመጣል። አንድም ቀን፣ እማዬ ይህ ድምፅ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።