የተነካው በርሜል

ሙሐመድሳኒ የኋላ ማርሹን አስገባና አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ደብረ ማርቆስ ካለው የጣሊያኖች ግቢ ውስጥ ባዶ በርሜሎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በመካከላቸው ወደ ኋላ ማለፍ፣ ከዚያ ታጥፎ በሁለት በርሜሎች መሀል ካሚዮኑን ማቆም አለበት። አንድ በርሜል የነካ ያልፋል፤ ሁለት የነካ ይወድቃል።

መውደቅ ደግሞ አይችልም። ካሚዮኑ የአባቱ የነጋዴው የአብዱልዋሂድ ነው። አባቱ እግራቸው ተሰብሮ ከተኙ ሁለት ወር ሆናቸው። ባለፈቃድ ሹፌር የሌለውን ካሚዮን ጣሊያኖች ይወስዱታል። ስለዚህ ወር ሙሉ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ሲለማመድ ከረመ። እህቱ ከሪማ በበርሜል ፋንታ የተሸነቆሩ እንስራዎች ትደረድርለት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፈጃቸው።

«ዓይንህን ከኋላ ጎማው አትንቀል» ትለው ነበር። «ፊቱ ተከትሎ ይመጣል።»

አሁንም ዓይኑን ከጎማው ሳይነቅል ወደ ኋላ ነዳ። ካሚዮኑ በበርሜሎቹ መካከል እንደ ክር ሾልኮ ወጣ። አንድም አልነካ! ፈታኙ ጣሊያን እያጨበጨበ አንድ ነገር ተናገረ። ባዘዘው የሚባለው አስተርጓሚ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«"እንዲህ ያለ ሹፌር አላየሁም፤ አሁን ታጥፈህ ቁም" ይላል።» ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ፣ የሚያስተረጉም መስሎ ቀጠለ። «እንዳላማው የሚባለው ሹፌርም አንድ ሳይነካ ነበር የጨረሰ። በማግስቱ ጥይት አስጭነው ወደ ዓባይ በረሃ ላኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ የለም። ለዚያ ጠመዝማዛ መንገድ እንዲህ ያለ ሹፌር ነው የሚፈልጉ። ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

የሙሐመድሳኒ ጆሮ ጋለ። በሁለቱ በርሜሎች መሀል ያለችውን ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባባታል። ከአጥሩ ውጭ ከሪማ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። የከተማው ሹፌሮችም አሉ። ሁሉም እንዲያዩለት እንዴት ጓጉቶ ነበር! ግን ጥይቱ የሚተኮሰው በማን ላይ እንደሆነ ለመገመት ማንም እንዲነግረው አላስፈለገውም።

መሪውን አዘግይቶ ጠመዘዘው።

ጓ! በርሜሉ ተንከባለለ። ሹፌሮቹ ሳቁ። ፈታኙ ቅር ብሎት እጁን አወናጨፈ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ማኅተሙን አሳረፈ።

«"ለከተማ ይበቃሃል" ይላል» አለ ባዘዘው ፊቱን አዙሮ።

ከሪማ ከግቢው በር ላይ ተሳፈረች። «ምን ነካህ? ሰው ሁሉ ሳቀብህ እኮ!»

የሆነውን በቀስታ ነገራት። ሰምታው ስትጨርስ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ቤት እስክንደርስ የምሰድብህን ሳሰናዳ ነበር።»

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ድንጋይ የከበደው ትከሻው ቀለለው።

የግቢያቸው በር ጠባብ ነው። የኋላ ማርሹን ሊያስገባ ሲል ሁለት ወታደሮች በመንገዱ ሲመጡ አየ። እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለች ከሪማ።

«ይለፉ።»

ወታደሮቹ አለፉ፤ ማዕዘኑን ታጠፉ። ያኔ ካሚዮኑን በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ አስገባው፤ የበሩን እንጨት ጫፉን እንኳ አልነካም። ከሪማ ዘላ ወረደችና በሩን ዘጋችው።