ከዎንግ ምድጃ አጠገብ

ኢንስፔክተር ጂቱ ስትገባ ተመጋቢዎቹ ገና ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር። አንዱ የዶሮ አጥንት በጣቱ እንደያዘ ቀርቷል። ሌላው አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጓሮው በር ያያል። ከዚያ በኩል የሴት ለቅሶ ይሰማል።

«የት ነው?» አለች።

ሳጅን ባይሳ በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተ። «ምድጃው አጠገብ። ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቷል። ሰዉ እዚህ ሲበላ እሱ እዚያ ሞቶ ነበር።»

ሟቹን አምቦ በሙሉ ያውቀዋል። ዎንግ ከቻይና ደቡብ፣ ከካንቶን፣ ለመንገድ ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ሆኖ ነበር የመጣው። መንገዱ ሲያልቅ ጓደኞቹ ሄዱ፤ እሱ የአምቦዋን ዘቢደርን አግብቶ ቀረ። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ፣ እንደ አገሩ ልማድ የጠበሰውን ዶሮ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ፣ በሰፊ ቢላዋ እየከተከተ ከሩዝ ጋር ያቀርብ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ወደ ጌዶ የሚያልፈው ሾፌርም በርካሽ ጠግቦ ይወጣል። ጂቱ ራሷ ደንበኛ ነበረች። የዎንግ ዶሮ ቆዳው ሲነከስ ኮሽ ይላል፤ ሥጋው ደግሞ ውኃ ያዘለ፣ ለስላሳ ነው። ዶሮውን ባርኮ የሚያርደው የአምቦው ልጅ ሮቤራ ስለሆነ ክርስቲያኑ ሳይሳቀቅ ይበላል።

ዎንግ ከበርሜል ከተሠራው ምድጃ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቷል። የምድጃው ክዳን የሚነሣበት ብረት አመድ ውስጥ ተሽጧል። ትልቁ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ፣ መሬቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሬሳውን ሲያነሡት የማንቆርቆሪያው ክዳን ከደረቱ ሥር ተገኘ።

«መቼ ሞተ?» ስትል ሬሳውን የሚመረምረውን ሐኪም ጠየቀችው።

«እሳት አጠገብ የዋለ ገላ ነው። በሙቀቱ ልፈርድ አልችልም።»

ጂቱ ክዳኑን አገላብጣ አየችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

መጀመሪያ ያነጋገረቻት ዘቢደርን ነው። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«ጧት የት ነበርሽ?»

«ጎረቤት ለቅሶ ቤት። ሰፈሩ በሙሉ አይቶኛል። ለምሳ ልሸጥ ስመጣ ዶሮዎቹ መስኮቱ ላይ ተሰቅለዋል። ጠብሶ ሲጨርስ ጋደም ይላል፤ እኔም አልቀሰቅሰውም። አሁን ሥጋ ሊያልቅብኝ ሲል ገባሁ...»

«ሰሞኑን ጠብ ነበር?»

ዘቢደር በሩን አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ማታ ራት ላይ እናቱ ስላረጀች ወደ አገሩ ልንሄድ መሆኑን ለኦቦ ቀነዓ፣ ለሮቤራና ለሳምሪ ነገራቸው። ምግብ ቤቱን ለእህቴ ልጅ ለሳምሪ እንደሚተውላት ተናገረ። ኦቦ ቀነዓ ተቆጥተው ወጡ። ሮቤራም ራቱን ሳይበላ ተነሣ።»

ኦቦ ቀነዓ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ቤቱን አፍርሰው ሆቴል ለመሥራት ከቋመጡ ቆይተዋል።

«ተቆጥቻለሁ፤ አልክድም» አሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየወጉ። «እሱ ሄደ ስል ልጅቷን ተከለብኝ። ግን አልገደልኩም! ጧት ከሰገነቴ ሆኜ የምድጃው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ። ሮቤራ ሲወጣም አይቼዋለሁ። ጭሱ ያን ጊዜም ይጨስ ነበር።»

«ዎንግንስ አዩት?»

«ጭሱን አየሁ አልኩሽ እኮ።»

«ጭሱንማ ነገሩኝ። ሰውየውን?»

«እሱንስ አላየሁትም» አሉ ሽማግሌው።

ሮቤራ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«እኔ ጉደር ነው የዋልኩት። ለነገ ዶሮ ላዝዝ ሄጄ ከቀትር በኋላ ተመለስኩ። ዶሮ እርባታው ቤት ጠይቂ።»

«ስትወጣ ዎንግ ምን ይሠራ ነበር?»

«ዶሮዎቹን ከእሳት አውጥቶ ሰቅሎ ነበር። በሩ ድረስ ሸኘኝ። ዋቃ ምስክሬ ነው፣ ደህና ነበር።»

የመጨረሻዋ ሳምሪ ነበረች። ተመርቃ ሥራ ስታጣ ዎንግ አጠገቡ አቁሞ ሙያውን አስተምሯታል። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጧት ለምን አልመጣሽም?»

«ጋሼ ዎንግ አትምጪ አለኝ። ከሮቤራ ጋር ብቻችንን መሆን እንፈልጋለን አለ።»

«ለምን?»

ሳምሪ ቀና ስትል ሮቤራ ከበሩ ሆኖ ሲያያት ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አንገቷን ደፋች። ጂቱ አላስጨነቀቻትም። ወደ ጓሮ ወሰደቻትና ስለ አጠባበሱ ብቻ ብዙ ጠየቀቻት።

ባይሳ ሲያገኛት በጆሮዋ አንሾካሾከ። «ልጅቷ ናት። ቤቱ የሚቀርላት ለሷ ነው። ጧት የት እንደነበረች የሚመሰክርላት የለም፤ የምትደብቀውም ነገር አላት።»

«ከመስኮቱ አንድ ዶሮ አውርድልኝ።»

«ለምርመራ?»

«ልበላው።»

«ምነው ኢንስፔክተር! ሬሳ ባለበት ቤት!»

ጂቱ ተቀምጣ ከዶሮው ቆረሰች። ቆዳው ኮሽ አላለም። እንደ እርጥብ ጠፍር ተለጠጠ። አንዳንዱ ቦታ ገርጥቷል፤ አንዳንዱ ጠቁሮ ይመርራል። የጎረሰችውን በግድ ዋጠች። ሳህኑን ስትገፋው ባይሳ ፊቷ እንደተለወጠ አየ።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለች።

ውጭ ሕዝቡ እየተጠራቀመ ሄዶ፣ በመስታወቱ ላይ የሚያጮልቀው ፊት በዛ። ውስጥ አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከራሳቸው በላይ የቀሩት ዶሮዎች ከመስቀያው ሜንጦ ላይ ተንጠልጥለዋል።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ» አለች ጂቱ። «ዶሮው እሳት ከመግባቱ በፊት ምን ይደረጋል? ኦቦ ቀነዓ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዘይት ይቀቡታል መሰለኝ።»

«ዘቢደር?»

«ማድቤት አያስገባኝም ነበር። እኔ መሸጥ ነው።»

«ሮቤራ?»

«ሆዱ በቅመም ተሞልቶ ይሰፋል» አለ ሮቤራ ፈጠን ብሎ። «ከዚያ ማር ይቀባና ወደ እሳት። ማሩን የምገዛው እኔ ነኝ።»

ጂቱ ወደ ሳምሪ ዞረች። «እስቲ ለኔ የነገርሽኝን ድገሚው።»

ሳምሪ መለሰች። «ከተሰፋ በኋላ ኮምጣጤ ያለበት የፈላ ውኃ ከማንቆርቆሪያ ይወርድበታል፤ ቆዳው እንዲወጠር። ማሩም በውኃ ቀጥኖ ነው የሚቀባው። ከዚያ ንፋስ ላይ ተሰቅሎ ቆዳው እንደ ወረቀት እስኪደርቅ ይቆያል። እሳት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ይህን ጧት ጧት የምንሠራው ሮቤራ ገበያ ሲሄድ ነው።»



«አሁን ስሙኝ» አለች ጂቱ። «ሁላችሁም ዎንግ ዶሮውን ጠብሶ ከጨረሰ በኋላ ተገደለ ብላችሁ አስባችኋል፤ እኔም አስቤ ነበር። ጭሱ በሕይወት አለ ብሎ መሰከረለት። ግን የማንቆርቆሪያው ክዳን ከሬሳው ሥር ነበር። ስለዚህ የወደቀው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ነው። ማንቆርቆሪያ የሚያዘው ደግሞ ከጥብሱ በፊት ነው። ያን ጊዜ ሞቶ ከነበረ እነዚህን ዶሮዎች ማን ጠበሳቸው?»

 ዘቢደር ቀና ብላ መስኮቱን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ቀመስኩት። ውኃ አልወረደበትም፤ ንፋስ አላገኘም። ማሩ ሳይቀጥን ተለድፎ አርሯል። ኦቦ ቀነዓና ዘቢደር ማር መግባቱንም አያውቁም። ሳምሪ ብትሆን ቆዳው ኮሽ ይል ነበር። ይህን የጠበሰው ግማሹን የሚያውቅ፣ ግማሹን ያላየ ሰው ነው።»

ሮቤራ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ማሎ፣ እባክሽ ኢንስፔክተር! አሞት ይሆናል! እጁ የተበላሸበት ቀን ይሆናላ!»

«ዶሮዎቹን አውጥቶ በሩ ድረስ ሸኘኝ ያልከኝ አንተ ነህ። ከተጠበሱ በኋላ በሕይወት አየሁት ያለ ሌላ ሰው የለም። ሬሳው አጠገብ ቆመህ እሳት አነደድክ፤ ጠበስክ፤ ሰቀልክ። ከዚያ ጭሱን ምስክር አድርገህ ጉደር ሄድክ። ከተማው ያንን ሲበላ ዋለ።»



ሮቤራ ቆሞ ነበር፤ ግን ወደ በሩ አልሮጠም። ደም ሥሩ ተገታትሮ ወደ ሳምሪ ጮኸ።

«ሰዉ የሚበላው እኔ ባርኬ ስላረድኩ ነው! እጄ የተላጠው ለዚህ ቤት ነው! ስንት ዓመት ገበያ ሂድ፣ እንጨት ፍለጥ ሲለኝ ኖሮ፣ ትናንት ለመጣች ልጅ ሰጣት። ዛሬ ጧት ማልደህ ና ሲለኝ ሊያሰናብተኝ ነው ብዬ መጣሁ። እየለመንኩት ጀርባውን ሰጠኝ። እንደ ውሻ ቆጥሮኝ ጀርባውን ሰጠኝ!»

«ሮቤራ» አለች ሳምሪ። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰማት። «ሊያስተምርህ ነበር። አትምጪ ያለኝ ለዚያ ነው። ‘አንቺን ለሒሳብ መዝገቡና ለቤቱ ኪራይ ነው የማስቀምጥሽ፤ ምድጃው የሮቤራ ነው፤ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ደስ ሲለው ማየት እፈልጋለሁ’ አለኝ። ጀርባውን የሰጠህ ማንቆርቆሪያውን ሊያነሣ ነው።»

የሮቤራ እጆች ወደ ታች ወረዱ። ባይሳ ካቴናውን ሲያስገባለት አልተቃወመም፤ የተሰማው አይመስልም ነበር።

ሕዝቡ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው። መኪናው ውስጥ ሮቤራ ከጂቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጣቢያው በር ላይ ሲቆሙ ዞር ብሎ አያት።

«አዴ ጂቱ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው?»

ጂቱ ውሸት ትነግረው ዘንድ ለአፍታ ልቧ ፈቀደ።

«እውነቷን ነው» አለችው።

ሮቤራ ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ አሳረፈ። ባይሳ በሩን ከፍቶ ቢጠብቀውም ሊወርድ አልቻለም።