የቁረንዝ አምባ በረኛ

በቁረንዝ ግንብ ላይ ሦስት መቶ ዓመት ሲነድ የኖረው የእሳት ዕንቁ በተሰረቀበት ማለዳ፣ ከጉድጓድ የተቀዳው ውሃ በእንስራው ውስጥ እንዳለ በረዶ ሆነ። የአምባው በረኛ ምንታምር የዕንቁውን ባዶ ማኖሪያ አይታ ደወሉን ደወለች።

ቁረንዝ የሰንደራና የጋርማ ነገሥታት የሚዋሰኑበት፣ ከደመና በላይ የተሰቀለ የሰንደራ የድንበር ምሽግ ነበር። ያለ ዕንቁው ሙቀት ሰው አይከርምበትም። ጋርማዎች ይህን ስለሚያውቁ ሰርቀው ኩርፋት የተባለ ነጭ ዘንዶ በሚያድርበት ዋሻ ጣሉት።

«ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ» ብላ ምንታምር በአምባው ወታደሮች ፊት ማለች። ታላቅ ወንድሟ ጣሰውም ጋሻውን አንስቶ ከጎኗ ቆመ።

ሽማግሌው የአምባው አዛዥ ዘርጋው ሁለቱንም መረቁና አስጠነቀቁ፦ «ልጆቼ፣ ዕንቁው ከማኖሪያው ከወጣ የሚነደው በተሸካሚው ገላ ሙቀት ነው። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እየተቀባበላችሁ ያዙት።»

በአምስተኛው ቀን ዋሻው ደረሱ። ኩርፋት ትንፋሹ ዓለቱን እየሰነጠቀ ተነሣባቸው። ምንታምር ጦሯን በዓይኑ ሰክታ በአንገቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ አውሬው ተንፈራፍሮ እስኪወድቅ አልለቀቀችም። ጣሰው በዚያ መሐል ዕንቁውን ከሥሩ መንትፎ በብብቱ ሸጎጠው።

በመልስ ጉዞው አመሻሽ ላይ እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ አሁን የኔ ተራ ነው።»

«ክንድሽ ቆስሏል። ነገ ትይዥዋለሽ።»

በማግስቱም «ነገ» አላት። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቁሮ ምላሱ ተሳሰረ። ልትነጥቀው ታገለች፤ ጣቶቹ ግን ደርቀው አልፈታ አሉ። ደግፋ፣ ጎትታ፣ በመጨረሻም አዝላ ግንቡ ላይ አወጣችው። ዕንቁው በማኖሪያው ሲቀመጥ አምባው በሙሉ በራ። ጣሰው ብርሃኑን አየ፤ ከዚያ ወዲያ አላየም። ከበሩ አጠገብ ቀበሩት።

ጋርማዎች በብርድ ያለቀ ጦር እናገኛለን ብለው ሲመጡ የሞቀ ግንብ ጠበቃቸው። አርባ ቀን ተዋግተው ተሸነፉ። በቁረንዝ እልል ተባለ፤ ምንታምርም የወርቅ አምባር ተሸለመች።

በወሩ የሰንደራ ንጉሥ መልእክተኛ ወደ አምባው ወጣ። ከኋላው ያው የተሸነፈው የጋርማ አለቃ ሩፋን ከመቶ ወታደር ጋር ይከተላል። መልእክተኛው ደብዳቤውን ዘርግቶ አነበበ፦

«ልጃችን የጋርማን ንጉሥ ልጅ ሊያገባ ስለሆነ፣ የቁረንዝን አምባ ከነዕንቁው ጥሎሽ ሰጥተናል። ቁልፉን አስረክቡ።»

ዘርጋው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ምንታምር ግን ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ በሩፋን መዳፍ ላይ አኖረች።

«ንጉሤ ግንቡን ሰጥተዋል። ወንድሜን ግን አልሰጡም» አለችው።

ዶማ አንስታ መቃብሩን መቆፈር ጀመረች። መሬቱ እንደ ድንጋይ ነበር፤ እስከ ቀትር ጉልበቷን እንኳ የሚሸፍን አልጠለቀላትም። ሩፋን ቆሞ ሲያያት ቆየና ካባውን አውልቆ ለአሽከሩ ሰጠ።

«እመቤቴ፣ ዶማውን ስጪኝ፤ ላግዝሽ» አላት በትሕትና።

እምቢ ልትለው አሰበች። ክንዷ ግን ዶማውን አላነሣ ብሏት ነበር፤ ወንድሟን አዝላም ቁልቁለቱን ሳይመሽ መውረድ አለባት። ዶማውን ሰጠችው።