አጃቢ ዋጋ

ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወርደው ሰፈር፣ በ1989 ዓ.ም. ገደማ፣ ሦስት ትናንሽ ሥራ ተቋራጮች ነበሩ። አብዱልሐሚድ የወሎ ሰው ነው፤ በጭነት መኪና ጀምሮ ወደ ግንባታ የገባ። መገርሳ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ አባቱ ዛሬ አስፋልት ያለፈበትን መሬት ያርሱ ነበር። ሦስተኛው መኩሪያ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ከሠርግም ከለቅሶም የማይጠፋ። ሦስቱ ይዋደዱ ነበር። መዋደዳቸው ግን ጨረታ ውስጥም ገባ።

የፍሳሽ ቱቦ ጥገና ጨረታ በወጣ ቁጥር በመኩሪያ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ። «የማን ተራ ነው?» ይባላል፤ ልክ እንደ እቁብ። ባለተራው የፈለገውን ዋጋ ይሞላል፤ ሁለቱ ከእሱ ከፍ አድርገው ይሞላሉ። የሁለቱን «አጃቢ ዋጋ» ይሉታል። ሙሽራው አንድ፣ ሚዜዎቹ ሁለት መሆናቸው ነው። ፖስታው ሲከፈት ኮሚቴው ሦስት ተወዳዳሪ ያያል፤ ውድድር ግን የለም።

«ምን ክፋት አለው?» ይል ነበር አብዱልሐሚድ። «የማን ቤት ሰበርን? ሁላችንም ልጆች አሉን፤ ተዛዝነን በላን።»

ወገኖቼ፣ ጥፋት ሁልጊዜ ጥፋት መስሎ አይመጣም። መተሳሰብ መስሎ ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ይቀርባል።

በዚያ ዓመት በጋ የመኩሪያ ተራ ደረሰ። ሥራው ከላይ ካሉት ቪላዎች የሚወርደውን የፍሳሽ ቱቦ መጠገን ነበር። ቱቦው የሚያልፈው በእትዬ ደሪቱ አጥር ሥር ነው። እትዬ ደሪቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከድሮው እርሻ ግቢያቸውና ሁለት ላሞች ብቻ የተረፏቸው፣ ወተት ሸጠው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ላሞቹ የሚጠጡት ከግቢው ጉድጓድ ነው።

መኩሪያ ሥራው የእሱ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል። ታዲያ ማንን ይፈራል? ቦዩን አላስጠለቀም። ከቱቦው ሥር አሸዋ አላስነጠፈም። መጋጠሚያዎቹን በስስ ሲሚንቶ አስለስኖ፣ ተቆጣጣሪው ሳይደርስ አፈር አስመለሰበት። ክረምት ሲገባና መሬቱ ሲርስ አንድ የጭነት መኪና በላዩ አለፈ፤ ቱቦው ተሰነጠቀ። ፍሳሹ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩም ወደ ጉድጓዱ ሰረገ። አንደኛዋ ላም ተቅማጥ ይዟት ከሳች፣ ሞተች። የሁለተኛዋን ወተት ደግሞ የሚገዛ ጠፋ። መኩሪያም «የሰበረው መኪናው ነው» ብሎ ከተጠያቂነት አመለጠ።

መስመሩ እንደ አዲስ እንዲሠራ ሌላ ጨረታ ወጣ። ተራው የአብዱልሐሚድ ነው። ሥራ ፈትተው ለከረሙት ሠራተኞቹ «አይዟችሁ፣ ይኼ የኛ ነው» ብሏቸዋል።

ወደ መኩሪያ ቤት ሲሄድ እትዬ ደሪቱን በራቸው ላይ አገኛቸው። ከጉድጓዱ የቀዱትን ጥቁር ውሃ ይደፋሉ።

«እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?»

«የዋለውስ ሽታው ነው፤ እኔማ የት አለሁና!» ብለው ሳቁ። ባልዲውን አስቀመጡ። «አብዱ፣ አንተም በዚያኛው ጨረታ ነበርክ አሉ። ቢደርስህ ኖሮ እንዴት አድርገህ ነበር የምትሠራው? በየት በኩል ትቆፍር ነበር?»

ነገር ሲፈልጉ አልነበረም፤ እንዲሁ ማወቅ ፈልገው ነው። አብዱልሐሚድ ግን ወደ አጥሩ ሥር አየ። ዋጋ የሞላው ቦታውን ሳይረግጥ ነበር። አጃቢ ምን ብሎ ቦታ ያያል?

«አላየሁትም ነበር፣ እትዬ።»

«በማርያም! እኔ ላም እንኳ ጡቷን ሳላይ ዋጋ አልጠራም!»

መኩሪያ ከመገርሳ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ገና ከሩቅ ሲያየው «ሙሽራው መጣ!» አለ። «በል ዋጋህን ንገረንና እኛ ከፍ እናድርግ።»

«አልነግርህም። ቦታውን ሄዳችሁ እዩና የየራሳችሁን ሙሉ። እኔም የራሴን እሞላለሁ።»

«ምነው፣ ዛሬ ሶላት በዛብህ?»

«አንሶብኝ ነው እንጂ! የሴትየዋ ላም እኮ ሞተች፣ መኩሪያ።»

«እና እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«ብቻህን አይደለህም። እኔ ከፍ አድርጌ ስሞላልህ፣ እንዳሻህ ሥራ ብዬ ፈቅጄልሃለሁ። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው የሦስታችንም እጅ ነው።»

መገርሳ «ተራህን ትተህ ብትሸነፍስ?» አለው።

«እሸነፋለኋ። አላህ ሌላ ያመጣል።»

መኩሪያ ከት ብሎ ሳቀ። «የወሎ ሰው ደግ ነው ሲሉ፣ ሞኝ ነው ማለታቸው ኖሯል!»

መገርሳ አልሳቀም። በማግስቱ አብዱልሐሚድ አጥሩ ሥር ሜትር ዘርግቶ ሲለካ፣ መገርሳም ከወዲያ ማዶ ሜትሩን ይዞ ብቅ አለ። ተያዩ፤ ተፋፈሩ፤ ሰላም ተባብለው ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ያሸነፈው መገርሳ ሆነ። አብዱልሐሚድ ለሠራተኞቹ ምን እንደሚላቸው እያሰበ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ቀላል አልነበረም። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሳምንት ቤቱ ያኮረፈ ሰው ያደረበት ይመስል ነበር።

ቱቦው ሲቀበር ግን እግሩ አላስቀምጥ አለው። ከቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ያቺ መጋጠሚያ አልያዘችም» አለ።

«የተሸናፊ ዓይን ዕረፍት የለውም!» አለ መገርሳ። ቢሆንም ወርዶ በእጁ ነቀነቃት፤ ተወዛወዘች። አስፈትቶ እንደገና አሠራት።

ያ መስመር እስካሁን አልፈሰሰም። ጉድጓዱ ግን አልዳነም፤ ተደፈነ። እትዬ ደሪቱ ውሃ ከቦኖ መቅዳት ጀመሩ፤ የቀረችው ላም ወተት ግን ገዢ አገኘ። መኩሪያ ለጊዜው ከሁለቱም ተኳርፎ ቆየ። በሚቀጥለው ጨረታ ግን ቦት ጫማ አድርጎ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲለካ አገኙት። «ምን ታዩኛላችሁ?» አላቸው፤ «እናንተ ዓይናችሁ እንዲህ ካፈጠጠ እኔ ምን ላድርግ!»

በሥራ መፎካከር መጣላት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ከስንፍና የሚጠብቅበት መንገድ ነው። በሕዝብ ሥራ ላይ እርስ በርስ ስንተዛዘን፣ ያዘንነው ለማን፣ የጨከንነውስ በማን ላይ እንደሆነ እንጠይቅ። በተስማማንበት ቦታ ያልተጠራ አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ እግዚአብሔርም ከእሱ ጋር ውጭ ቆሟል።