የፈይሰል ግራ እግር

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ያመለጠው ኩዌት ውስጥ አርዲያ ሰፈር፣ በምሠራላት ማዳም ግቢ ውስጥ፣ ሰው በታብሌት እያየኝ ነው።

ኮሮና ገብቶ ኩዌት በሯን የዘጋችበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት የለም፣ መስጊድ የለም፣ መውጣትም ክልክል ነው። የማዳም ልጅ ፈይሰል ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ራይ በሚባል ሰፈር ከመጋዘኖች መሃል ባለ አንድ የእግር ኳስ አካዳሚ ይሰለጥን ነበር። አካዳሚውም ሲዘጋ አሰልጣኞቹ ልጆቹ ከልምምድ እንዳይወጡ ብለው ሥልጠናውን በታብሌት አደረጉት። ታብሌቱን የሚይዝለት ማን ነው? እኔው ነኛ። ከምግቡ፣ ከእጥበቱ፣ ከብረት ምጣዱ ላይ ኳስ ተጨመረልኝ።

የሚፈለገው እግርና ኳስ እንዲታይ ስለሆነ ታብሌቱን ከአበባ ማስቀመጫ አስደግፌ መሬት ላይ አቆምኩት። አሰልጣኙም ስልኩን መሬት ላይ ስለሚያደርግ ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው የሚታየው። እግሩ ጠይም፣ አረብኛው የተዋጣለት ነበርና ሱዳናዊ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

በሁለተኛው ቀን ለፈይሰል ኳስ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል ተባለና እኔ ገባሁ። በሸበጥ መታኋት፤ ኳሷ ወደ ግድግዳው ሄደች። አሰልጣኙ በአረብኛ፣ ሴትዮዋ በጣቷ አትምታ፣ በእግሯ ውስጠኛ ጎን ትግፋት አለ።

ሴትዮ! ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሙቀቱ ናላዬን አዙሮታል፣ ምሳውም ገና አልደረሰም። ማን ይሰማኛል ብዬ በአማርኛ፣ «ይሄ ሰንበሌጥ እግር ደግሞ እኔን ሴትዮ ይለኛል» አልኩ።

ታብሌቱ ውስጥ ያለው እግር ቀጥ አለ። ከዚያ ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣ «ሰንበሌጡ ኢዘዲን ይባላል። የእርስዎን ስም ማን ልበል?» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈይሰል አንዴ እኔን አንዴ ታብሌቱን ያያል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ «ሃጀር። እርስዎውን ተወው» አልኩት።

«እሺ ሃጀር። በውስጠኛው ጎን» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ለማዳም ይነግርብኝ ነበር። እሱ ትንፍሽ አላለም።

እንዲህ ተጀመረ። በልምምዱ መሃል ልጁ ውሃ ሲጠጣ አንድ ሁለት ቃል እንነጋገራለን፣ ያውም ፈይሰል ፊት። የኮምቦልቻ ልጅ መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም የሐይቅ ልጅ መሆኔን ነገርኩት። የሰዓት እላፊው አካዳሚው ውስጥ ስለያዘው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይተኛ ነበር። ከጉልበት በላይ አንተዋወቅም። እኔ ግን ሸበጤን ትቼ ማዳም የጣለችውን ስኒከር አደረግኩ፤ ከውስጥም እግሬን ሂና ቀባሁት። ስኒከር ውስጥ ያለ ሂና ማን እንዲያየው እንደሆነ እንጃ።

ኳስ ለእኔ የልጆች ጨዋታ ነበር። ኢዘዲን ነው መንገድ መሆኑን ያስረዳኝ። ትልልቆቹ ክለቦች ከአስር ዓመት በታች ላለው ቡድናቸው ልጆች የሚመርጡት እንደነሱ ካሉ አካዳሚዎች ነው፤ አሰልጣኙ ስም ይልካል፣ ልጁ ይፈተናል፣ ካለፈ ክለቡ ይወስደዋል፣ ከዚያ በየዕድሜው እያደገ ይሄዳል። ፈይሰል ቀኙ ድንቅ ነው፤ ግራው ግን ተኝቷል። አሁን ካልነቃ ደግሞ መቼም አይነቃም።

«የእኔን ግራ የቀሰቀሰው ሰው አልነበረም» አለኝ አንድ ቀን። «እኛ ጋ ጎበዝ ከሆንክ ትሰለፋለህ፣ ካልሆንክ ዳር ትቀመጣለህ። ቆይ፣ ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅህ ሰው የለም።»

ስለዚህ ሥራዬ ለግራ እግሩ ብቻ ማቀበል ሆነ። ልጁ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ የማዳምን አበባ ሰበረ። እኔም ተቆጣሁ፣ ኢዘዲን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «አብሽር፣ ደግመን» ይላል። ደግሞ፣ «አብሽሪ ሃጀር፣ ደግመሽ።» ሰው በአንዲት ቃል ይህን ያህል ሲታገሥ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ነው። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ አርዲያ ጭር ብሏል። ኳሷን ጠበቅ አድርጌ ሰደድኩለት። ፈይሰል ሳያያት በግራው አቆማት፣ ዞረ፣ በዚያው በግራው መታት። በሁለቱ አበቦች መሃል ገባች።

«ሱብሃነላህ» አልኩ፣ ሳላስበው።

ልጁ የራሱን እግር ያየዋል፣ የሰው እግር ይመስል። ታብሌቱ ውስጥም እንቅስቃሴ የለም።

«አየሽው?» አለኝ ኢዘዲን። ድምፁ ተሰብሯል።

«አየሁት።»

ያን ቀን ወደድኩት፤ ለባዕድ ልጅ እግር እንዲያ የሚደነግጥ ሰው ለሚስቱ እንዴት ይሆን ብዬ።

ኋላ አንድ ቀን መስመሩ ሲቆራረጥ፣ ስልክ ቁጥሬን ልስጥህና ደውል አልኩት። ድፍረቴን አያችሁ? እሱ ግን በአረብኛ፣ አያስፈልግም ብሎኝ ወደ ልጁ ዞረ። ልብ በሉ፣ በአረብኛ! ያንን አረብኛ ሳምንቱን ሙሉ እንደ አጥንት አላመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ከኳስ በቀር ሌላ ወሬ አላነሳሁም።

ሙቀቱ በረድ ሲል ሜዳዎች መከፈት ጀመሩ። ማዳም እየሳቀች መጥታ፣ ኮች የፈይሰልን ስም ለትልቁ ክለብ ልኳል አለችኝ። ካለፈ አካዳሚውን ይተዋል፤ ክለቡ የራሱ አውቶቡስ፣ የራሱ አሰልጣኝ አለው፤ ከዚህ በኋላ ታብሌት የለም፣ ኳስ አቀባይም የለም። ማዳም ደስ ብሏት አቀፈችኝ። እኔ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ለማልቀሻ እንዲመቸኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ልጁን ለመንገድ ሳበቃ ከኢዘዲን የምለይበትን መንገድ በገዛ እግሬ ጠርጌያለሁ። እሱም ያውቀዋል። እያወቀ ነው የላከው።

በማግስቱ ስንለማመድ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኳሷን ለቀኙ ሰጠሁት። ደግሜም ለቀኙ። ግራው ትንሽ ቢዝል አይመርጡትም፣ ይቀርልኛል ብዬ። ፈይሰል ኳሷን በእጁ ይዞ መጣና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። «ግራ፣ ሃጀር» አለኝ። ዓይኔን ጠረግሁና ለግራው ሰጠሁት።

የፈተናው ቀን ሁላችንም ማስክ አድርገን ሄድን። የክለቡን ሜዳ ሳይ እግሬ ተያዘ። በዚያ አሸዋ አገር ያን ያህል አረንጓዴ፣ በዚያ ላይ ዝምታው! አስተባባሪዎቹ ከአጥሩ ውጪ ተራርቀን እንድንቆም አደረጉን። ከአካዳሚዎቹ አሰልጣኞች መሃል አንዱን ከቁርጭምጭሚቱ አወቅሁት። ቀና ብዬ ሳይ ረጅም ነው፣ ማስኩ እስከ ዓይኑ ድረስ ነው፣ ዓይኑም ሜዳው ላይ ብቻ ነው።

ፈይሰል መጀመሪያ ላይ ጠፋ። ከዚያ አንድ ኳስ በግራው በኩል መጣች፤ ተከላካዩ ቀኙን ጠብቆ ተዘናግቶ ነበር። በግራው ወሰዳት፣ አለፈው፣ በግራው ለጓደኛው አሻገረ። የክለቡ አሰልጣኝ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ልጄ ሲያድግ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ አዎ፣ ልጄ ልበል፣ ማዳም ትሙት። ሲጨርሱ የክለቡን መለያ ሰጡት።

ኢዘዲን ወደ አጥሩ መጣ። ሁለት ሜትር ርቆ ቆመ፣ ደንቡ ነው።

«ደስ አለህ?» አልኩት። «በገዛ እጅህ ሸኘኸን።»

«ስቀጠር ያስፈረሙኝ ደንብ አለ» አለ። «አሰልጣኝ ከሚያሠለጥነው ልጅ ቤት ሰው ጋር የግል ግንኙነት አይኖረውም፣ ስልክም አይለዋወጥም። ለልጆቹ ተብሎ የወጣ ነው፣ ልክም ነው። ያን ቀን በአረብኛ የመለስኩልሽ በአማርኛ እምቢ ልልሽ ስላቃተኝ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ፈይሰል የእኔ ተጫዋች አይደለም።»

አጥሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ግን ወሎዬ ነኝ፣ ሳላጣራ አልሞኝም። «ለዚህ ብለህ ነው ስሙን የላክኸው?»

«ለዚህ ቢሆን ቁጥሬን ልስጥህ ያልሽኝ ጊዜ፣ በሰኔ እልከው ነበር» አለኝ። «ግራው ባይደርስ ኖሮ ገና እጠብቅ ነበር።»

ሱብሃነላህ! እኔ ልንለያይ ነው ስል እሱ ሲጠብቀኝ ኖሯል፤ በየቀኑ ለልጁ በሰጠሁት ኳስ ወደ እሱ ስቀርብ ኖሬአለሁ። የልጁን መብት አላጎደለም፣ ደንቡን አልጣሰም፣ እኔንም አልተወኝም። ሰው እንዲህም ይጠብቃል? ስልኬን አወጣሁና ቁጥሬን መጥራት ጀመርኩ።

«ያንቺን አይደለም» አለ። «የአባትሽን።»

ነገሩን ስነግራት ማዳም ኮንትራትሽን ሳትጨርሺ የትም አትሄጂም ብላ አኮረፈች፤ ኋላ ፈይሰል ተሟግቶልኝ ረገበች። እኔ የምጠብቀው ግን ከሐይቅ የሚመጣውን የአባቴን ስልክ ነበር። ሲደውልልኝ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የጀመረው።

«ከኮምቦልቻ ሽማግሌ መጥቶብኝ፣ ልጄን ልጠይቅ ብዬ መልሻቸዋለሁ። ቤተሰቡ ጨዋ ነው። ልጁስ? መልኩ እንዴት ያለ ነው?»

«መልኩን አላየሁትም አባባ።»

«ታዲያ ምኑን አይተሽ ነው?»

«መጠበቁን።»

«እኔም እናትሽን ያየኋት ከኒካው በኋላ ነው» አለኝ። «ጁምዓ ይምጡ እላቸዋለሁ።»