ሲወድቅ አጨበጨቡለት

ሽማግሌው ጠረጴዛው ሥር ተዘርግተዋል። ከንፈራቸው አብጧል፤ የካርቶን ዘውዳቸው ጆሯቸው ላይ ተንጋዷል። ፊቷ ስለማይፈታ ባልደረቦቿ «ሬት» የሚሏት መርማሪ ሃያ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች። ዛሬ የከበዳት ሬሳው ሳይሆን የሰማችው ነው። ሰውየው ትንፋሽ አጥሯቸው ሲንፈራገጡ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች አጨብጭበውላቸዋል።

«ትወና መስሎን ነው» አለ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ጠበቃ፣ ክራቫቱን እያፍተለተለ።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ ሳሎን ከራሳቸው አፍልቀው የፈጠሩትን መንግሥት ይተርካሉ፤ ሌሎቹ ባለነጥብ ዳይስ እየጣሉ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወታሉ። «ጋሼ» የሚሏቸው መምህሩ ንጉሡን ሆነው ይጫወታሉ። ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው ንግሥት፣ ጠበቃው ጦር አዛዥ ነው። የቀድሞ ተማሪያቸው ደግሞ የንጉሡ ሐኪም ነው። በእውነተኛው ሥራው መሬት ቀያሽ ሲሆን፣ የመንግሥቱን ካርታ ስምንት ዓመት የሳለው እሱ ነው።

መርማሪዋ የጋሼን ብርጭቆ አነሳች። ከማንጎው ጭማቂ ሥር የተፈጨ ኦቾሎኒ ዘቅጧል። ኦቾሎኒ ጉሮሯቸውን እንደሚዘጋው ሦስቱም ያውቃሉ። ከኮት ኪሳቸው የማይለየው የአለርጂ መርፌ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆሻሻ መጣያው ሥር ተገኘ። ጭማቂውን የጨመቀችው ልጅቷ ስለሆነች በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አዘጋጅቶ ትእዛዝ ብቻ ይጠብቃል።

«ወጥ ቤት ማን ማን ገባ?»

«ሁላችንም» አለች ልጅቷ። «እጃችንን ሳንታጠብ አንቀመጥም። ካርታው ከቆሸሸ ቀያሹ አይጣል ነው።»

«አባትሽ እንዴት ወደቁ?»

«ባለፈው ቅዳሜ እኔና ጦር አዛዡ የንጉሡን ጽዋ መርዘናል፤ በጨዋታው ማለቴ ነው። ዛሬ እንደሚጠጣው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጠጣ፤ ጉሮሮውን ያዘ። አባዬ ሲጫወት ከልቡ ነው።»

«አንተስ?» አለችው ቀያሹን።

«እኔም አጨበጨብኩ። ጋሼ ለኔ እንደ አባት ነበሩ።»

ይህን ሲል ካርታው ላይ የተንጠባጠበውን ጭማቂ በመሀረቡ ጫፍ ቀስ ብሎ እየጠረገ ነበር። ሬሳው ገና ከእግሩ ሥር አልተነሳም። መርማሪዋ ፊቷን አዞረች።

ከመደርደሪያው ላይ የቆርቆሮ ሣጥን አወረደች። ተጫዋቾቹ የየገጸ ባሕርያቸውን ስውር ምኞት ጽፈው እዚህ ያስቀምጣሉ፤ የሚያነቡት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ወረቀቶቹን አየች፤ ጋሼ ጨዋታውን የሚጽፉበትንም ደብተር ገለጠች። ከዚያ ሦስቱን ተጫዋቾች ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ንግሥቲቱ የንጉሡን ሞት ትመኛለች፤ አጨበጨበች። ጦር አዛዡም ይመኛል፤ አጨበጨበ። ሴራቸው ሰመረላቸው። የሐኪሙ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ ‹ንጉሡ ከሞተ በሕጉ የኔም አንገት ይቀላል። ምንም ቢሆን አድነዋለሁ።› ጽሑፉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ቀያሹ።

«ታዲያ ጨዋታ ከመሰለህ ከሁሉ ቀድመህ መነሳት ያለብህ አንተ ነህ፤ አንገትህ ነዋ። እውነት ከመሰለህ ደግሞ መርፌውን ፍለጋ ትሮጣለህ። ሁለቱንም አላደረግክም። እነሱ ያጨበጨቡት ጨዋታው ውስጥ ስለነበሩ ነው። አንተ ጨዋታውን ረስተኸዋል። ሞቱ እንዳይቋረጥብህ ነበር የምትጠብቀው።»

«ይሄ ብቻውን ፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም» አለ ጠበቃው፣ ከልማዱ።

«መርፌው ላይ ያለው የጣት አሻራ ይሆናል።»

ቀያሹ መሀረቡን አጣጠፈ። «ጋሼ የመንግሥቱን ደብተሮች ለልጃቸው ሊያወርሱ ነው ሲባል ሰማሁ። ስምንት ዓመት ወንዝ በወንዝ የሳልኩትን አገር። እሷ የወንዞቹን ስም እንኳ አታውቅም።»

ለሌለ ወንዝ ሰው ታንቆ ይሞታል? አለች መርማሪዋ በልቧ። ደብተሩን ገልጣ የጋሼን የመጨረሻ ገጽ አነበበችለት፦ «‹ዛሬ ንጉሡ ጽዋውን ይጠጣል። ሐኪሙ ተነስቶ ካዳነው፣ መንግሥቱን ከነደብተሩ አስረክበዋለሁ። ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።›»

«ገጹን ላየው እችላለሁ?» አለ ቀያሹ።

«ውሰድልኝ» አለች መርማሪዋ ለፖሊሱ፤ «ዓይኔ አይየው።»

ወጥ ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። ልጅቷ ተከትላት በሩ ላይ ቆመች።

«እኔም እኮ አጨበጨብኩ» አለች። «ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ጎበዝ አባዬ አልኩት።»

መርማሪዋ ቧንቧውን ዘጋች።